ያልተነቀለው የአበባ መደብ

አል ዓይን፣ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሚያሳድጓቸው ልጆች እንዴት ናቸው? ያ የሚያምዎት ወገብዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህ በሽታ የእርስዎን በር እንዳያይ በጸሎቴ ሳላነሳዎት ውዬ አላድርም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎት አይቀርም። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ማዳም «ኮሮናው ሲያልፍ ይገዛልሻል» ብላኛለች። የሚያልፍበትን ቀን ግን አልነገረችኝም። ከዚህ ወደ አቡ ዳቢ ሰው እንዳያልፍ መንገዱ ተዘግቷል፤ የጭነት መኪና ግን ያልፋል። ተማም የሚባል የወሎ ልጅ የችግኝ ጣቢያ መኪና ይነዳል። እኛ ቤት አፈርና ፍግ ያራግፋል፤ እርስዎ ሰፈር ኻሊዲያ ደግሞ ለየሕንፃው አበባ ያደርሳል። «የእትዬን ሕንፃ አውቀዋለሁ» ስላለኝ ይህን በእሱ እጅ ልኬያለሁ።

አያቶቻችን እኅትማማቾች ሆነው፣ እኛ ስድስት ዓመት በአንድ አገር ኖረን፣ በዓይን የተያየነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንንም የጥምቀት ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግርግር ውስጥ። ቢሆንም ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም፤ የምጠይቅዎትም ስለ አበባ ነው። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

አትክልተኛው ጧሂር በየካቲት ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄዶ እዚያው ተዘጋበት። ስለዚህ ግቢው በእኔ እጅ ወደቀ። የአሠሪዬ የካፊሌ እናት፣ ትልቋ ማማ የምንላቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ያዙኛል፤ እኔ እቆፍራለሁ። በየዓመቱ በጥቅምት የሚገዛው ፔቱኒያ የሚባለው አበባ በግንቦት ሙቀት ተቃጥሎ አለቀ። ማዳም «ሁሉንም ንቀይው፤ የሞተ ሞቷል፤ በጥቅምት አዲስ እንገዛለን» አለችኝ። ትልቋ ማማ ደግሞ «አትንኪው። አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ አንቺም አታውቂ፣ እሷም አታውቅ» አሉኝ።

ተማም ቪንካ ነው የሚላት፣ ባለ አምስት ቅጠል ሐምራዊ አበባ አለች። እሷ ብቻ በዚህ እሳት ቆማለች። ማማ «ራሷን ትዘራለች፤ በየዓመቱ ትመጣለች፤ ከልካይ ካጣች ግቢውን ትሞላለች» ይላሉ። እርስዎ አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ አገር ኖረዋል፤ እውነት ነው? ወይስ የአሮጊት ተስፋ ነው?

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ታናሽዎ ሸዋዬ

*

አቡ ዳቢ፣ ኻሊዲያ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእኅቴ ልጅ ያህል ለማይሽ ለሸዋዬ፣

እመቤቴ በያለሽበት ጥላ ትሁንሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጆቹ ከእናት ከአባታቸው ጋር ለንደን ናቸው። መጋቢት ላይ ለሁለት ሳምንት ብለው ሄደው በረራ ተዘጋባቸው። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ። ታላቋ መርየም በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። የመጀመሪያ ጥርሷን ሳየው ትናንት ይመስለኛል።

ስለ አበባው ጠየቅሽኝ። ሸዌ፣ እዚህ አገር አበባ የሚመጣው በመኪና ነው፤ በመኪናም ይሄዳል። ኮርኒሹ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ያለውን እያየሁ ነው የኖርኩት፤ ማታ ቢጫ የነበረው ጠዋት ቀይ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ሌሊት ነቅለው ሌላ ተክለው ነው። እሱ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም፤ ዕድሉን የሰጠውም የለም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልምከርሽ። ግቢው የአንቺ አይደለም። በምራትና በአማት መካከል አትግቢ። ማዳም ንቀይ ካለችሽ ንቀይ፤ ትከይ ካለችሽ ትከይ። እኔን አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ያኖረኝ «ኸላስ፣ እሺ» ማለቴ ነው። የተናገሩትን ሁሉ አየኋቸው፤ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነው ያየኋቸው።

ያም ሆኖ ያቺ ሐምራዊ ዘር ከያዘች በወረቀት ጠቅልለሽ ላኪልኝ። በረንዳው ባዶ ሆኖብኛል።

ዓለምፀሐይ ነኝ፣ በቸር ያቆይሽ

*

አል ዓይን፣ መስከረም 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ዘመኑን የጤና ያድርግልን።

መልሴ የዘገየው ተማም አሥራ አራት ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደርጎ ስለነበረ ነው። ሌላው ምክንያት ኀዘን ነው። ትልቋ ማማ ነሐሴ 11 አረፉ። በሽታው ከየት እንደገባ አልታወቀም። እኔ ብቻ ነበርኩ ክፍላቸው የምገባው፤ እኔን ግን አልነካኝም። ሆስፒታል ሲወስዷቸው በአምቡላንሱ መስኮት እጃቸውን አሳዩኝ፤ ተመልሰው አልመጡም። ቀብራቸው ላይ አራት ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው። እኔ በሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ግቢው ውስጥ አለቀስኩ።

ከመታመማቸው በፊት በየጠዋቱ ዘር እንለቅም ነበር። ቪንካ ዘሯን የምትይዘው እንደ ቀጭን ፎሶልያ ባለ ፍሬ ውስጥ ነው። ሲደርቅ በራሱ ተሰንጥቆ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ሳይሰነጠቅ መቅደም አለብዎት። ማማ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ ደርሷል፣ ይሄ ነገ» ይሉኝ ነበር። ያመለጠንን ነፋስ ወሰደው። አሁን ያ ያመለጠን ነው ጉድ የሠራው። የውኃ ቱቦው በሚያንጠባጥብበት ጠጠር ላይ፣ በአጥሩ ሥር፣ በመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ማንም ሳይዘራው ወጥቷል። ቆጠርኩት፤ ስልሳ ሦስት ቡቃያ። የማማ ነገር እውነት ነበር፤ ሳያዩት ሄዱ።

ማዳም ግን ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ ላነጥፈው ነው ብላለች። በኅዳር ሠራተኛ ይመጣል።

ዘሩን በራስ ምታት መድኃኒት ወረቀት ጠቅልዬ ልኬያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተማም «ይህን ደብዳቤ ሕንፃው ድረስ ሳይሆን ለአንዲት የስልክ ካርድ ሻጭ እንድሰጥ ተነገረኝ» አለኝ። ለምን በሱቅ በኩል ሆነ? የሕንፃው ዘበኛ አልቀበል አለ?

ሸዋዬ

*

ኻሊዲያ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፣

ነፍስ ይማር። ያለ ወግ መቀበር ከባድ ነው። አንቺንም ያጽናሽ። የሰው አገር ሰው ሆነው እንደ እናት ስለያዙሽ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው።

ዘሩ ደርሶኛል። አፈር አግኝቼ እዘራዋለሁ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ማማ ሞተዋል። ያንቺ ጠበቃ እሳቸው ነበሩ። ማዳም ንቀይው ስትልሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ንቀይው። ዘንድሮ ቤት ያለው ሰው ቤቱን አጥብቆ የሚይዝበት ዓመት ነው። ወደ ውጭ የሚጣል ሰው የት እንደሚወድቅ አታውቂም፤ እኔ አውቃለሁ። ስልሳ ሦስት ቡቃያ ቢነቀል ምን ትሆኛለሽ? ምንም።

ከቻልሽ ተማም ሲመጣ ትንሽ ቴምር ላኪልኝ። ማዳምሽ የማትፈልገው አሮጌ ብርድ ልብስ ካለም ጠይቂያትና ላኪው። ለእኔ አይደለም፤ ሥራዋን አጥታ የተቸገረች አንዲት ልጅ አለች።

መርየም ከደወለች ቆይታለች። ትምህርት ከብዷት ይሆናል።

ዓለምፀሐይ

*

አል ዓይን፣ ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቴምሩንና ሁለት ብርድ ልብስ ልኬያለሁ። አንደኛው የማማ ነው።

የሆነውን ልንገርዎት። ያለፈው ማክሰኞ ማዳም ወደ ግቢው ወጥታ ጓንትና መቆፈሪያ ሰጠችኝ። «ሠራተኞቹ ነገ ይመጣሉ፤ ዛሬ ሁሉንም ንቀይ» አለችኝ። ቪንካው በዚያ ቀን ከአጥር እስከ አጥር አብቦ ነበር። ጓንቱን አጠለቅሁ። ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያዋን ግንድ ያዝኩ፤ ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ምክርዎን እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ቀና አልኩና «አልነቅልም» አልኳት።

የሰማችኝ አልመሰለኝም። «ምን አልሽ?»

«አልነቅልም። ሌላ የፈለግሽውን እሠራለሁ። ይህን አልነቅልም።»

ስድስት ዓመት እሺ ያልኳት ሴት ናት። ፊቷ ነጣ። «ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ነገ ወደ ኤጀንሲው መክተብ እመልስሻለሁ» ብላኝ ገባች። እኔም ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። እትዬ፣ የተጸጸትኩት አንዲት ጊዜ እንኳ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ካፊሌ ሰዒድ ከሥራ ገባ። ግቢ ድረስ አስጠራኝ። አበባው መሃል ቆሞ ነበር፤ ማዳም በሩ ላይ።

«ሚስቴን እምቢ ብለሻል» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«እናትህ አትንኪው ብለውኝ ነበር። ይሄኛውን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው ያስለቀሙኝ። ንቀይው የምትለኝ አንተ ከሆንክ፣ መቆፈሪያው ያው፤ አንተ ንቀለው። እኔ ግን አልነቅልም።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላወቅሁም። ጎንበስ ብሎ አንዲቷን አበባ ነካት። ከዚያ ለማዳም «የመኪናው ወገን ይነጠፍ። የእናቴ መስኮት ወገን ይቅር» አላት። እሷ በሩን በኃይል ዘጋችው። እኔም ሻንጣዬን ፈታሁ። ግማሹ ሄዷል፤ ግማሹ ቀርቷል። የሄደውን ሠራተኞቹ ሲነቅሉት ቆሜ አየሁ፤ ፍሬውን ግን ቀድሜ ለቅሜዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ተማምን አፋጠጥኩት። መሐላ ስላስገቡት ለመናገር ተጨነቀ፤ በመጨረሻ ነገረኝ። ኻሊዲያ ከሱቁ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ስምንት ሴቶች ሆነው እንደሚያድሩ፣ እርስዎ አልጋ የሌለዎት እንደሆኑ ነገረኝ። የተቸገረችው ልጅ ማን ናት? አራት ወር ሙሉ «እሺ በይ» እያሉ ሲመክሩኝ፣ እሺ ማለት ለእርስዎ ምን አድርጎልዎት ነበር?

ብርድ ልብሱን ለራስዎ ይልበሱት።

ሸዋዬ

*

ኻሊዲያ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፣

ብርድ ልብስሽን፣ ቴምርሽን፣ ቁጣሽንም ተቀብያለሁ። ለመጻፍ አንድ ወር የፈጀብኝ ቁጣሽ ከብዶኝ አይደለም፤ ኀፍረቴ ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ማዳም ከለንደን መልእክት ላከች። «የልጆቹ አባት ሥራ ተዘግቷል፤ አንመለስም፤ ቁልፉን ለደላላው ስጪ፤ የአንቺ ትኬት ይላክልሻል» አለች። ቤቱን አጽድቼ፣ የልጆቹን አሻንጉሊት በካርቶን አሽጌ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። በዚያች ቀን በረንዳውን እንኳ ጠርጌያለሁ። ትኬት ግን አልመጣም። ብዙነሽ የምትባል ካርድ የምትሸጥ የጎንደር ልጅ ናት ቦታ የሰጠችኝ። ለእናቴ ልጅ ቢሆን ነገሩን አልነግረውም ነበር። አንቺ እንደ ትልቅ ሰው ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ወለል ላይ ተኝቼ ለሌላ ልጅ ብዬ ብርድ ልብስ እለምንሻለሁ።

የከፋው ይህ አይደለም። በጥቅምት ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ስሄድ «ከካፊሏ ቤት ጠፍታለች» ተብሎ ስሜ ተመዝግቦ አገኘሁት። ትኬቴን ከመክፈል መዝገብ ላይ መጻፍ ቀለላቸው መሰለኝ። መርየምን ከአራስነቷ፣ ወንድሟን ከማኅፀን ከወጣ ጀምሮ በዚህ ክንዴ ያሳደግሁ ሴት፣ ጠፍታለች ተባልኩ። ያንን ቀን ወደ ክፍላችን በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ፖሊስ እንዳያየኝ ጥላ ጥላውን። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ አላልፍም።

ዘርሽን ግን ዘርቼዋለሁ። ሱቁ ካለበት ሕንፃ ጀርባ የማቀዝቀዣው ውኃ የሚንጠባጠብበት ቀጭን አፈር አለ። መጀመሪያ ሦስት ወጣ። ጠራጊው ነቀለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስት ሆኖ መጣ። ጠራጊውን «ተወው» ልለው ፈለግሁ፤ ድምፅ አጣሁ።

እና አትገፋፊኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። እሺ ማለት ብቻ ነው የማውቀው።

ዓለምፀሐይ

*

አል ዓይን፣ ጥር 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ።

አልተውዎትም። ይህን ያህል ጊዜ ሲመክሩኝ ሰምቻለሁ፤ አሁን ተራዬ ነው፤ ይስሙኝ።

ወደዚያው ቢሮ ይመለሱ። በጥላ ጥላው ሳይሆን በመሃል መንገድ ይሂዱ። ነጠላዎን ለብሰው፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ኢቃማዎን በሙሉ ይዘው «አልጠፋሁም» ይበሉ። ሌላ ነገር ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ይህን አንድ ቃል ብቻ ይበሉ። ካሰሩዎት እኔ እመጣለሁ። እንዴት እንደምመጣ አላውቅም፤ እመጣለሁ።

እኔ ተናግሬው ያልሞትኩበት ቃል እርስዎን አይገድልዎትም። ለጠራጊውም ይንገሩት።

ከእኛ ቤት ዜና፤ ከተነጠፈው ሴራሚክ መገጣጠሚያ ውስጥ ሁለት ቡቃያ ወጥቷል። ማዳም አየቻቸው። አየኋት ስታይ። እግሯን አንስታ ሳትረግጣቸው ተሻግራ አለፈች።

ሸዋዬ

*

ኻሊዲያ፣ መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸዋዬ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ሁለት ወር ዝም ስልሽ ፈርታ ቀርታለች ብለሽ እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ወር ልክ ነበርሽ።

መጀመሪያ ለጠራጊው ነገርኩት። «ይህን አትንቀል» አልኩት። «ማን አለ?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደደኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ይህን ነበር?

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ወደ ቢሮው ሄድኩ። ነጠላዬን ለብሼ፣ በመሃል መንገድ። ተራዬ ሲደርስ በፕላስቲክ ከለላ ጀርባ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ማስኬን ዝቅ አስደርጋ ከፎቶዬ ጋር አስተያየችኝ።

«አንቺ ጠፍተሻል ተብለሻል» አለችኝ።

«አልጠፋሁም።»

«መዝገቡ እንዲህ ነው የሚለው።»

«መዝገቡን አንብቤዋለሁ። ተሳስቷል። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ነበርኩ፤ ቁልፉን ለደላላ ያስረከብኩበት ፊርማ ይኸው። የሚጠፋ ሰው ቁልፍ አስፈርሞ አያስረክብም።»

ወረቀቱን አነበበችው። የካፊሌን ስልክ ደወለች፤ አያነሳም። የማዳምን ደወለች፤ እንደዚያው። «ሌላ የሚያውቅሽ ሰው አለ?» አለችኝ። የመርየምን ቁጥር በቃሌ ነገርኳት። ወራት ሙሉ ያልደወለችልኝን ልጅ ቁጥር። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አደረገችው።

ልጅቷ አነሳች። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች ነግራት ዓለምፀሐይ የምትባል ሠራተኛ ከቤታችሁ ጠፍታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እዚያ ናት?» አለች መርየም።

«ፊቴ ቆማለች።»

«አልጠፋችም። ጥለናት የሄድነው እኛ ነን። ስልኳ አይሠራም ብለውኝ ነበር።»

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ከማን ጋር ነሽ? ስጪኝ ስልኩን።» እኔ ያሳደግኋት ልጅ «አልሰጥም» አለቻት። ከዚያ እንደገና ለጸሐፊዋ፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል «እንድትጽፊው እፈልጋለሁ። ጥለናት የሄድነው እኛ ነን» አለች።

ሸዌ፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ አላለቀስኩም። ማስኬን ወደ ላይ መለስኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጸሐፊዋም ጻፈችው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ትናንትና ማለት ነው፣ ስሜ ከመዝገቡ ተነሣ። ያቺው ወጣት ናት የጠራችኝ። «አሁን ነፃ ነሽ። ምን ትፈልጊያለሽ? ወደ አገርሽ መሄድ ወይስ ሌላ ካፊል መያዝ?» አለችኝ።

አፌ በልማዱ «እሺ» ሊል ተከፈተ፤ ግን የምትጠይቀኝ እሺ የሚባል ነገር አልነበረም። ከደብረ ታቦር ከወጣሁ ወዲህ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። «ጊዜ ስጪኝ፤ አስቤ እመልስልሻለሁ» አልኳት። ሠላሳ ቀን ሰጠችኝ። ቸኩዬ አልመልስም፤ ሠላሳውንም ቀን አስብበታለሁ።

ዓርብ ከተማም ጋር አል ዓይን እመጣለሁ። መንገዱ ተከፍቷል። ማዳምን አስፈቅጂልኝ አልልሽም፤ አንቺም ወደ ጓሮ በር እንዳትወጪ። በፊት ለፊቱ በር አንኳኩቼ እኅቴን ልጠይቅ መጥቻለሁ እላታለሁ። እምቢ ካለችኝ ደግሞ እስክትከፍት ድረስ ቆሜ አንኳኳለሁ።

እስከዚያ አምላክ በሰላም ያቆይሽ።

ዓለምፀሐይ